«ጨዋታ ነው» አትበሉን

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ነው። ዒሻ ሰግደን እንደገባን የእህቴን ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩ ላይ አፍጥጦ አገኘሁት። የሙጃን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ደጃፍ ሳይበቃው እቤት ድረስ የሚዘልቅበት፣ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ ምድጃ የሚከብበት ወቅት ነው። ልጁ ግን ብርዱም ጭሱም የተሰማው አይመስልም። ዕድሜው አሥራ አራት ነው። ወልድያ ከእናቱ ዘንድ ይማራል፤ ትምህርት ሲዘጋ እኔ ጋ መጥቶ ከደረሶቼ ጋር ቁርኣን ይቀራል። እናቴ፣ ማለትም የልጁ አያት፣ ከምድጃው ማዶ ሙስበሓዋን ይዛ ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው የምታየው?» አልሁት።

«ውድድር ነው አጎቴ። በስልክ የሚጫወቱት የተኩስ ጨዋታ ነው፤ አሁን በቀጥታ እየተላለፈ ነው።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እኔን የገረመኝ ተኩሱ አልነበረም። ከተኩሱ ጎን፣ በስክሪኑ ጠርዝ፣ ከታች ወደ ላይ እንደ ጎርፍ የሚሮጥ ጽሑፍ ነበር። ዓይን አንዱን ቃል ሳይጨርስ ሌላው ይተካል። ተመልካቾቹ ናቸው አለኝ፤ ጨዋታውን የሚያዩት ሰዎች በዚያው ቅጽበት የሚጻጻፉት ነው። ድንገት አንድ ተጫዋች ተመትቶ ወደቀ። ጎርፉ እጥፍ ሆነ፤ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ፣ ደጋግሞ፣ ስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ ወረደ። የልጁም አውራ ጣት ነካ ነካ አደረገችና የእርሱም መልእክት ከጎርፉ ተቀላቀለ።

«ምን ብለህ ጻፍህ?»

«ሁሉም የሚሉትን ነው።»

«ሁሉም የሚሉት ምንድን ነው?»

ዝም አለ። «እንጃ አጎቴ፤ ኮፒ አድርጌ ነው የላክሁት» አለኝ በመጨረሻ።

የእኔ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የቀረ ነው። ጽሑፉን በወረቀት አስገልብጬ፣ አሮጌውን መዝገበ ቃላት አውጥቼ፣ ቃል በቃል ፈታሁት። የወደቀው ተጫዋች አፍሪካዊ ኖሯል። በጨዋ አፍ ልንገራችሁ ካልሁ፣ ጽሑፉ የሚለው ይህ ሰው ከጫካ የመጣ ስለሆነ ወደ ጎጆውና ወደ ረሃቡ ይመለስ ነው።

ወደ ረሃቡ! ውድ አንባቢያን፣ ይህን የላከው የወሎ ልጅ ነው። ከምድጃው ማዶ የተቀመጠችው አያቱ በ1977ቱ ድርቅ ሁለት ልጆቿን ቀብራ የተረፈች ሴት ናት። እኔም ከድርቁ ጥቂት ዓመት ቀደም ብዬ የተወለድሁ፣ በሕይወት የተረፍሁት የእርሷ ልጅ ነኝ። እርሷ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ወንድ ልጅ የልጅ ልጇ ምን እንደላከ አልነገርኋትም። እስካሁንም አልነገርኋትም።

ይህን ታሪክ ወልድያ ለሚነግድ አንድ ወዳጄ አጫወትሁት። ሳቀ። «ኧረ ተው ኡስታዝ! ጨዋታ እኮ ነው። ደግሞ ልጁ ያለው ከቤቱ ነው፤ ጫት ቤት አልገባ፣ ጎዳና አልወጣ። ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ይህ ንግግር የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ ነበር። ነገር ግን ከስንቱ አባትና ከስንቷ እናት አፍ ሰምቼዋለሁ። ጨዋታ ነው፤ ከቤት ነው ያለው። እነዚህ ሁለት ቃላት የብዙ ቤት መዝጊያ ሆነዋል፤ መዝጊያው ግን ሌባውን ከውስጥ ትቶ የተዘጋ ነው።

ነገሩ እንግዳ ለሆነባችሁ ጥቂት ላስረዳ። የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታዎች ውድድር፣ ልጆቹ «ኢ-ስፖርት» የሚሉት፣ ዛሬ የሕፃናት መዋያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በሳውዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ የኢ-ስፖርት የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ የተመደበው ሽልማት በጠቅላላው ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ የተደረገውን የ«ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» ፍጻሜ፣ የቻይና ተመልካቾች ሳይቆጠሩ፣ በአንድ ቅጽበት ከ6 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተመልክቶታል። ይህ ሕዝብ ዩቲዩብን በመሳሰሉ መድረኮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው «ትዊች» በተባለው ላይ ይሰበሰባል። ትዊችን አማዞን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 የገዛው 970 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነው። እንግዲህ አስቡት። ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ «ጨዋታ ነው» ብሎ የሚያወጣ ይመስላችኋል?

ከስርጭቱ ጎን ያለውን የተመልካች መጻጻፊያ «ቻት» ይሉታል። ጃፓኖች ነገሩን ከዚህም አራቁት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው «ኒኮኒኮ» የተመልካቹን ጽሑፍ ከጎን ሳይሆን በራሱ በምስሉ ላይ እንዲበር አደረገው። ጽሑፉ ሲበዛ ምስሉ ይሸፈናል። ስሙንም የጥይት መጋረጃ አሉት፤ ያላወቁት ስም አላወጡም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሕዝብ የሚነጋገረው እንዴት ነው? ሩሲያውያን ተመራማሪዎች «ዶታ 2» በሚባለው ጨዋታ ትልቅ ውድድር ላይ የተጻፈውን ቻት ሰብስበው መርምረው ነበር። ያገኙት እንዲህ የሚል ነው፦ ተመልካቹ ጥቂት ሲሆን ቻቱ ስፖርት የሚታይበት ቡና ቤት ነው፤ ሰው ከሰው ይነጋገራል፣ ይጠይቃል፣ ይመልሳል። ተመልካቹ ሲበዛ ግን ስታዲየም ይሆናል፤ ንግግሩ ያጥራል፣ ይደጋገማል፣ አንዱ ሌላውን ይገለብጣል፤ ጩኸት እንጂ ወሬ አይቀርም።

ይህን ለመረዳት ሩሲያ መሄድ አያስፈልገንም። ዲሽ ያለበት ቤት ገብታችሁ የእንግሊዝ ኳስ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። አርሴናል የሚደግፈው መምህርና ማንቸስተር የሚደግፈው ልብስ ሰፊ ጎን ለጎን አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይነቋቆራሉ። ግብ ሲገባ ቤቱ በአንድ አፍ ይጮኻል። ሲረጋ ደግሞ ሰፊው መምህሩን «ያ የቀድሞ ቡድናችሁ የት ሄደ?» እያለ ያበሽቀዋል። ነገር ግን ሰፊው ልኩን ያውቃል። ለምን? መምህሩ ነገ የልጁን ዩኒፎርም ሊያሰፋ ይመጣል፤ ከነገ ወዲያ በገበያ ይገናኛሉ፤ አንዱ ቤት ሐዘን ቢገባ ሌላው ድንኳን ይተክላል። ፊት አለ። ነገ የሚባል ነገር አለ። ትልቁ ቻት ውስጥ ግን ፊትም ነገም የለም።

እዚህ ላይ በሌላ ወገን ካሉት ወንድሞቼ ጋር እለያለሁ። አንድ የሙያ ባልደረባዬ የሆነ ኡስታዝ ነገሩን በነገርሁት ጊዜ «ስልኩን ሰብረህ ጣለው፤ ከዚያ ውስጥ አንድ መልካም ቃል አይወጣም» አለኝ። ይህም ልክ አይደለም፤ ያላነበበውን ነገር ነው የፈረደበት። እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ እንደዚያው ነበር። ልጁን አስቀምጬ ቋንቋውን አስተምረኝ ባልሁት ጊዜ ግን ሥርዓት ያለው ነገር መሆኑን አየሁ። ጨዋታ ሲያልቅ «ጂጂ» ይጽፋሉ፤ መልካም ጨዋታ ነበር ማለታቸው ነው፤ የተሸነፈው ለአሸናፊው እጅ እንደመንሳት ያለ ነው። አንድ ሰው ጉዳት ሲደርስበት «ኤፍ» የምትል አንዲት ፊደል ብቻ ይልካሉ። አመጣጧ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣ አንድ የጦር ሜዳ ጨዋታ ነው፤ እዚያ ውስጥ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ተጫዋቹ ክብሩን ለመግለጽ ያንን ፊደል እንዲነካ ይታዘዛል። መጀመሪያ መሳለቂያ አደረጉት፤ እየዋለ እያደረ ግን ከልባቸው ሲያዝኑም የሚጽፉት ሆነ። የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ ደጃፍ ላይ አንድ ቃል ብሎ እንደሚገባው አድርጋችሁ ቁጠሩት። ከቃል ይልቅ በትንንሽ ሥዕል የሚናገሩትም አለ፤ «ካፓ» የሚባለው ፊት ከመልእክት ጀርባ ሲመጣ «ያልሁትን እውነት አድርጋችሁ አትያዙት» ማለት ነው። ፊቱ የአንድ የድርጅቱ ሠራተኛ ፎቶግራፍ ነበር፤ ዓለም ሁሉ የእርሱን ፊት ይዞ ያሾፋል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ሰው «ፖኬሞን» የተባለውን ጨዋታ ከትዊች ቻት ጋር አገናኘው፤ ተጫዋች የለውም፤ ተመልካቹ «ላይ»፣ «ታች»፣ «ግራ» ብሎ የጻፈው ቃል ነው የሚያንቀሳቅሰው። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተሳተፈ። አንዱ ግራ ሲል ሌላው ቀኝ እያለ፣ እየተገፈታተረ፣ እያናደደ፣ በ16 ቀን ጨዋታውን ጨረሱት። ፊትና ስም የሌለው ሕዝብ በአንድ ነገር ላይ ተስማምቶ ከዳር ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ባልደረባዬን «አንድም መልካም ቃል አይወጣም አትበል፤ ልጆቹ የሚያውቁትን አንተ ካላወቅህ አንድም ቀን አይሰሙህም» ብዬዋለሁ። አልተቀበለኝም።

መስበሩስ ቢሆን ምን ይፈይዳል? በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ «ተገላገልን» ያለ ወላጅ አውቃለሁ። ኔትወርኩ በተመለሰበት ሳምንት ልጆቹ ካቆሙበት ቀጠሉ። የተቋረጠው መስመር እንጂ ጥማቱ አልነበረም።

አሁን እኔን ራሴን የነካኝን ልንገራችሁ። ያን ሌሊት ልጁን «እንዴት የማታውቀውን ነገር ትደግማለህ?» ብዬ ገሥጬው ነበር። ሲመልስልኝ አንገቱን ደፍቶ «አጎቴ፣ መድረሳም እኮ መጀመሪያ እንደግማለን፤ ትርጉሙ በኋላ ነው የሚመጣው» አለኝ። ቁጣዬ አፌ ላይ ቀረ። ሐቅ ነው። እኔ ራሴ ሉሕ ይዤ የቀራሁት እንዲሁ ነው፤ ሠላሳ ልጅ በአንድ ድምፅ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ፣ ከፊት የሚመራውን እየተከተለ። እኔም እንዲሁ አስተምራለሁ። ከብዙ አፍ ጋር አብሮ ማለት ምላስን እንዴት እንደሚያሰለጥን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የማያውቁትን ቃል ጮክ ብሎ መድገም ለልጅ ደስ ይላል፤ ብቸኝነቱን ይረሳል፤ ከሚበልጠው ነገር ጋር አንድ ይሆናል።

እንግዲህ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ብዙ ቀን አሰብሁበት። ድግምቱ ላይ አይደለም። መድረሳ ውስጥ አስደጋሚው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሐርፍ ብትስት ያርምሃል፤ ትርጉሙን ስትጠይቅ ዛሬ ባይሆን ከርሞ ይነግርሃል፤ አጥፍቶ ቢያስጠፋህ አባትህ የእርሱን በር ያንኳኳል። ቻቱ ውስጥ ግን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ማን ነው? አይታወቅም። ሠላሳ ሺሕ ሰው ይቀበለዋል፤ አስደጋሚ ግን የለም። ልጄን የማያውቀው ሰው አስቀራው፤ ደሞዝም ሳይጠይቅ።

ይህ የአንድ ልጅ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በአሜሪካ ኦስቲን ከተማ ድሪምሀክ በተባለ ውድድር ላይ ቴረንስ ሚለር የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ «ሀርትስቶን» በተሰኘው የካርታ ጨዋታ እስከ ፍጻሜ ደርሶ ሁለተኛ ወጣ። በሕይወቱ ትልቁ ቀን ነበር ማለት ይቻላል። እርሱ መድረክ ላይ ተቀምጦ ሲጫወት ከስርጭቱ ጎን ያለው ቻት በቀለሙ ላይ በሚሳለቅ ጽሑፍና ሥዕል ተጥለቀለቀ። ሥርዓት እንዲያስከብሩ የተመደቡት ሰዎች ቢሰርዙ ቢሰርዙ አልቻሉትም፤ አንዱን ሲያጠፉ አሥር ይመጣል። የጨዋታው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኃላፊ በነገሩ ማዘኑን ገለጸ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ትዊች አጠራጣሪ መልእክትን አስቀድሞ ይዞ ለተቆጣጣሪ የሚያቀርብ «አውቶሞድ» የተባለ መሣሪያ አወጣ። መልካም ነው። ግን ከአምስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት በመቶ የሚቆጠሩ የሐሰት ስሞች በአንድ ጊዜ የጥቁሮችንና የሌሎችን ስርጭት እየወረሩ በስድብ ያጥለቀልቁ ነበር። በመስከረም 1 ቀን 2021 አሰራጮቹ ለአንድ ቀን ሥራ አቁመው ተቃውሟቸውን እስከመግለጽ ደረሱ።

እና እናንተ «ልጅ ነው፣ ጨዋታ ነው» የምትሉ ወገኖች፣ ከነዚያ ሰዎች ውስጥ ስንቱ ነው በእውነት ጥቁርን የሚጠላ? እኔ ብዙዎቹ እንደ እህቴ ልጅ ያሉ ይመስለኛል። ሁሉም ስላለው ያሉ ናቸው። ይህ ግን ነገሩን አያቀልለውም፤ ያከብደዋል። የሚጠላ ሰው ቢያንስ ያለውን ያውቃል። ቴረንስ ሚለር ዘንድ የደረሰው ስድብ ደግሞ «ይህኛው ከልቡ አይደለም» የሚል ምልክት አልነበረውም። ሱረቱል ሑጁራት ውስጥ ሕዝብ በሕዝብ እንዳይሳለቅ፣ በክፉ ስምም እንዳይጠራራ የተከለከለው፣ ከልባችሁ ካልሆነ ይፈቀድላችኋል ተብሎ አይደለም።

ይህም የነጮች አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። በአማርኛ የሚካሄዱትን የቲክቶክ የቀጥታ ስርጭቶች ያየ ያውቃል። ሁለት ሰዎች ስክሪኑን ተካፍለው ለጥቂት ደቂቃ ይፋለማሉ፤ ከተመልካች የበለጠ ስጦታ ያገኘው ያሸንፋል፤ ስጦታውም በገንዘብ የሚገዛ ነው። ከታች የሚወርደው ጽሑፍ ብሔር ይሰድባል፣ ሃይማኖት ይሰድባል፣ እናት ይሰድባል። በሙጃም በላሊበላም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሐዘን በደስታ የሚጠያየቅ ሕዝብ ነው። ልጆቹ ግን እዚያ ገብተው አባቶቻቸው በአደባባይ የማይሉትን ይላሉ። ስድቡ በበዛ ቁጥር ተመልካች ይበዛል፤ ተመልካች ሲበዛ ስጦታው ይወፍራል። እሳቱ ላይ እንጨት የሚጨምረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሂሳቡን ማየት በቂ ነው።

ሕግ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠይቃል። ሃያ አራት ሰዓት! ቻቱ ላይ አንድ መልእክት የሚቆየው ሦስት ሰከንድ ነው። ጠቋሚው ስልኩን ሳያነሳ ስድቡ ሥራውን ሠርቶ አልፏል። ሕጉ የተሰፋው ለተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ይህ ደግሞ ጩኸት ነው፤ ጩኸትን በማግስቱ አያነሱትም።

የሚገርመው ድርጅቶቹ ሲፈልጉ ብልሃት አያጡም። አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ የተወሰኑ ሰከንዶች ሳይጠብቅ እንዳይደግም የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አላቸው። አዲስ ገቢ እንዳይጽፍ መከልከል ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ «ኦቨርዎች» የተባለው ጨዋታ ባለቤቶች ያደረጉት ነገር አስቆኛል። እዚያ አሸናፊዎቹ ተሸናፊውን ለማዋረድ «መልካም ጨዋታ፤ ቀላል ነበራችሁ» የሚል ትርጉም ያላት አጭር ቃል ይጽፉ ነበር። ድርጅቱ አልከለከላቸውም፤ ያችን ቃል የጻፈ ሰው መልእክቱ ሲላክ ተለውጦ፣ የመኝታ ሰዓቴ ስላለፈ ለእናቴ አትንገሩብኝ እንደሚል ሕፃን ዓይነት ንግግር ሆኖ እንዲወጣ አደረጉት። ተሳዳቢው በራሱ አፍ ተዋረደ። ይህ በተጫዋቾች መካከል ያለ መጻጻፊያ ነው እንጂ የተመልካቾቹ አይደለም፤ ግን ከፈለጉ እንደሚችሉ ያሳያል። ትልቁን ቻት ዝግ ማድረግ ግን ስታዲየሙን ጸጥ ማሰኘት ነው፤ ጸጥ ያለ ስታዲየም ደግሞ ገበያ የለውም።

«ድሮስ ተመልካች ይሳደብ አልነበረም?» ያለኝ ሰው አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ላስታ ውስጥ ያደገ ሁሉ የገናን ጨዋታ ያውቃል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በበዓላቸው ዕለት ሜዳ ላይ ወጥተው ሩሯን በተቆለመመ ዱላ ሲያሳድዱ እኛም ልጆች ሆነን ዳር ቆመን እናይ ነበር፤ አንዳንዴም ሰው ሲጎድል እንገባ ነበር፤ አባቴ ይህን ቢሰማ አይወድም። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ያዋርዳል። የባላባቱ አፍንጫ፣ የዳኛው ንፍገት፣ የቄሱ ሆድ አይቀርም። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላልና የተነካው ሰው ጥርሱን ነክሶ ይስቃል። ስድብ የተፈቀደበት ቀን ነው።

ግን ልብ በሉ። ቀኑ አንድ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ፈቃዱ ያበቃል። ሰዳቢው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ነው የሚሰደበው፤ ድሃው ባለጠጋውን፣ ገባሩ ጌታውን። የተራበን በረሃቡ የሚሰድብ ገጣሚ ሜዳው ላይ ቢነሳ ዱላው ወደ እርሱ ይዞር ነበር። ወዳጄ ነጋዴው «ጨዋታ ነው» ሲል ይህን የአባቶቻችንን ጨዋታ እያሰበ ከሆነ ተሳስቷል። ጨዋታ ማለት ወሰን ያለው ነገር ነው። ሩሯ እንኳ ከሜዳው ስትወጣ ትመለሳለች።

«ከቤት ነው ያለው» ላለውም መልስ አለኝ። ከቤት አልነበረም። ገላው ከእኛ ጋር ምድጃ ዳር ነበር እንጂ እርሱ ሠላሳ ሺሕ ሰው መሐል ቆሞ ነበር። እኔ፣ አጎቱና መምህሩ፣ እናቴ፣ አያቱ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠን ያን ሁሉ ሕዝብ አላየነውም። ልጃችን ስታዲየም ቢሄድ ከማን ጋር ሄድህ እንለው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስታዲየም ሲያድር ግን «አልጋው ላይ ነው» እያልን ተኛን። ወላጆች ሆይ፣ ስክሪኑን ስታዩ መሐሉን ብቻ አትዩ። ተኩሱ እዚያው የሚቀር ሥዕል ነው። ጠርዙ ላይ የሚሮጠው ግን በእውነተኛ ሰው እጅ የተጻፈ፣ እውነተኛ ሰው ዘንድ የሚደርስ ነው፤ ከጸሐፊዎቹም አንዱ የእናንተ ልጅ ነው።

እኔ ስልኩን አልሰበርሁም። ለልጁ አንድ ነገር ብቻ ነገርሁት፤ ከመላክህ በፊት ድምፅህን አውጥተህ አንብብልኝ፣ ትርጉሙን ካላወቅህ ጠይቀኝ አልሁት። «አጎቴ፣ እስክጠይቅህ ያልፋል እኮ» አለኝ። «ይለፍ» አልሁት። ተኮሳተረ፤ ግን እሺ አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ውድድር ነበር። እኔ አሱር ላይ የደረሶቼን ሉሕ እያየሁ ነው። ጎርፉ እንደለመደው እየወረደ ሳለ ጣቱን አንሥቶ ቆመና «አጎቴ፣ ይቺ ቃል ምን ማለት ናት?» አለኝ። መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያ አወረድሁ። ገጹ በእርጥበት ተጣብቋል። ፊደሉን ፈልጌ፣ በጣቴ ወርጄ፣ ቃሏን አግኝቼ ቀና ስል ስክሪኑ ላይ ሌላ ጽሑፍ ነበር የሚሮጠው፤ ልጁም እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቀኝ ነበር።